አውታርን በጣት የመልቀቅ ዘዴ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ባህላዊ ቀስተኞች የተዘጋጀ መመሪያ

ማነጣጠሪያም ሆነ መልቀቂያ መሣሪያ በሌለው ባህላዊ ቀስት ሰውየውን ከፍላጻው ጋር የሚያገናኙት የመጨረሻዎቹ ነገሮች አውታሩን የያዙት ሦስት ጣቶች ናቸው። እነዚህ ጣቶች ሲለቁ አውታሩን ጥቂት ወደ ጎን ከገፉት፣ ቀስቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆንና ዓይን የቱንም ያህል ቢያነጣጥር፣ ፍላጻው ከታሰበለት ቦታ ርቆ ያርፋል። ብዙ ጀማሪዎች ፍላጻቸው በተደጋጋሚ ወደ አንድ ጎን ሲሄድባቸው አነጣጠራቸውን ይለዋውጣሉ፣ ቀስቱን ይወቅሳሉ፣ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ ሌላ ፍላጻ ይገዛሉ፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጃቸው ላይ ነው።

የዚህ መመሪያ መሠረተ ሐሳብ መልቀቅ ማለት መያዝን ማቆም ነው የሚል ነው። ጣትን መክፈት፣ መበተን ወይም ከአውታሩ ላይ መንጠቅ የሚባል ሥራ ሊኖር አይገባም። ለዚህም ግልጽ ምክንያት አለ። አውታሩ ከጣት ከወጣበት ቅጽበት አንሥቶ ፍላጻው ከአውታሩ እስኪለይ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ በተለመደው ባህላዊ ቀስት የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ገደማ ሲሆን፣ ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ግን የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ አውታሩ ከተለቀቀ በኋላ የሚታረም ነገር የለም፤ ሊሻሻል የሚችለው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ይኸውም የጣቶቹ አቀማመጥ፣ የእጁ ልልነት፣ የጀርባው አሳሳብና የእጁ ማረፊያ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ነው፤ በግራ እጁ የሚስብ ሰው ግራና ቀኝን ገልብጦ ያንብበው።

ቦታ፣ ሰዓትና ቀስት

ቦታ መምረጥ ይቀድማል። በድሬዳዋ ሰፊና ገላጣ መስሎ የሚታየው የደቻቱ አሸዋ ነው፤ ነገር ግን በከዚራና በመጋላ መካከል የሚሻገረው ሰው ቀኑን ሙሉ ስለማይቋረጥ፣ በክረምትም ላይኛው አገር የጣለው ዝናብ ከተማው ሳይዘንብ ጎርፍ ሆኖ ስለሚደርስ፣ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ቀላል የሚባል፣ ለመሳብ የ25 ፓውንድ ጉልበት የሚጠይቅ ቀስት እንኳ ፍላጻን ከ100 ሜትር በላይ ሊወስድ ይችላል። ደግነቱ የአለቃቀቅ ልምምድ ርቀት አይፈልግም። ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ ይበቃል፤ በጀጎል ውስጥ ያሉት ጠባብ ግቢዎች ሳይቀሩ ያንን ያህል ስፋት አላቸው። የግቢው በር ከቀስተኛው ኋላ እንጂ ከዒላማው ጎን ወይም ጀርባ እንዳይሆን ያድርጉ፤ በልምምዱም ሰዓት በሩን ከውስጥ ይቀርቅሩት። ልጆች ቅጥሩን ዘለው የሚመላለሱበት ግቢ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ዒላማውን ለመሥራት አንድ ማዳበሪያ ጆንያ በአሮጌ ሰልባጅ ጨርቅና በፌስታል ጠቅጥቆ መሙላት ይበቃል። ጨርቁ ላይ ያሉትን አዝራሮችና ዚፖች አስቀድሞ ቆርጦ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ፍላጻ ብረት ሲነካ ጫፉ ይበላሻል፣ ወይም ይፈናጠራል። ጆንያውን በደረት ቁመት አስቀምጠው ከበስተኋላው ወፍራም ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ በልቅ ይስቀሉ። ከኋላው የድንጋይ ግንብ ብቻ ካለ፣ ዒላማውን የሳተ ፍላጻ ነጥሮ ወደ ቀስተኛው ሊመለስ ይችላል።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ደንገጎን የወጣና የወረደ ሰው የሚያውቀው የአየር ልዩነት በጣት ላይም ይታያል። በድሬዳዋ ጣት በላብ ይረጥባል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ አውታሩም ከቆዳው ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ በድሬዳዋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ መለማመድ ይመረጣል። በሐረር እስከ ረፋድ ድረስ ችግር የለም። ከሰዓት በኋላ ከበርጫ ተነሥቶ ቀስት የሚያነሣ ሰው ካለ ደግሞ ጫት የልብ ምትን እንደሚያፈጥንና እጅን እንደሚያንቀጠቅጥ ሊያውቅ ይገባል፤ ቀስቱ ጠዋት፣ በርጫው ከዚያ በኋላ ቢሆን ለሁለቱም ይሻላል።

ቀስቱን በተመለከተ፣ ለዚህ ልምምድ ለመሳብ ከ20 እስከ 25 ፓውንድ፣ ማለትም ከ9 እስከ 11 ኪሎ ግራም ገደማ ጉልበት የሚጠይቅ ቀስት በቂ ነው። በቀስቱ ላይ የተጻፈው ፓውንድ ብዙውን ጊዜ 28 ኢንች ሲሳብ ያለውን ጉልበት ስለሚያመለክት፣ ክንዱ አጠር ያለ ሰው ከተጻፈው በታች፣ ረጅም የሆነው ደግሞ ከተጻፈው በላይ ይስባል። በሁለቱም ከተሞች ቀስት የሚሸጥ ሱቅ በየመንደሩ ስለማይገኝ ሰው ያገኘውን ይይዛል፤ ያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ ከአቅሙ በላይ የሆነ ቀስት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ፍላጻ አስገብተው ቀስቱን ወደ ዒላማው አቅንተው እስከ መጨረሻው ይሳቡና ሳይለቁ 10 ሰከንድ ያህል ይያዙት፤ ከዚያም ቀስ ብለው ይመልሱት። እጅ ከተንቀጠቀጠ ወይም ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ፣ ያ ቀስት አለቃቀቅን ለመማር አይረዳም። ከብዶት የሚስብ ሰው አይለቅም፤ ይገላገላል።

የቀስቱ ቁመትም ቦታ አለው። አጭር ቀስት ሲሳብ አውታሩ ጠባብ ማዕዘን ስለሚሠራ ጣቶችን በፍላጻው ጭራ ላይ ያጣብቃቸዋል። ቁመቱ ከ62 እስከ 68 ኢንች የሆነ ቀስት ለሦስት ጣት የተመቸ ነው። አጫጭር የፈረሰኛ ቀስቶችን ይጠቀሙ የነበሩት ሞንጎሎች፣ ኮሪያውያንና ኦቶማን ቱርኮች አውታሩን በአውራ ጣት፣ በቀለበት እየታገዙ መሳባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የአውራ ጣት ስልት ራሱን የቻለ ትምህርት ስለሆነ እዚህ አይካተትም።

ፍላጻ የሌለበትን ቀስት ስቦ መልቀቅ ክልክል ነው። ፍላጻው ይዞ የሚሄደው ጉልበት በቀስቱ ውስጥ ስለሚቀር እንጨቱ ሊሰነጠቅ፣ አውታሩም ተበጥሶ ፊትን ሊገርፍ ይችላል። ጓደኛ “እስቲ ልሞክረው” ብሎ ሲያነሣው መጀመሪያ ሊነገረው የሚገባው ይኸው ነው።

የጣት ቆዳ

በባዶ ጣት መለማመድ ለጥቂት ቀናት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጣት መታመም ይጀምራል፣ የታመመ ጣትም ከአውታሩ ይሸሻል፤ ያ ሽሽት ልማድ ከሆነ በኋላ ለማስለቀቅ ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ የጣት ቆዳ፣ ማለትም ጣቶችን ከአውታሩ የሚከልል ቁራጭ ቆዳ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስፈልጋል። የተዘጋጀ ካልተገኘ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ማሠራት ይቻላል፤ ሐረር በመጽሐፍ ጥራዝ የቆዳ ሥራ ለዘመናት የታወቀች ከተማ ስለሆነች ቆዳን የሚያውቅ እጅ አይጠፋባትም።

ቆዳው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር፣ የሚታጠፍ ግን የማይሸበሸብ የከብት ቆዳ ይሁን። የፍየል ቆዳ ብቻውን ይሳሳል፤ ሁለት ድርብ ማድረግ ይቻላል። የአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ደግሞ ስለሚደርቅ አውታሩ በጣት ላይ የት እንዳለ እንዳይታወቅ ያደርጋል። ለስላሳው ገጽ ወደ አውታሩ፣ ሻካራው ወደ ጣት ይሆናል። በአመልካችና በመካከለኛው ጣት መካከል ለፍላጻው ጭራ የሚሆን ክፍተት ይቆረጣል፤ ለመካከለኛው ጣት ማስገቢያ ቀዳዳ ወይም ቀለበት ይበጅለታል። ብዙዎች የሚስቱት ርዝመቱን ነው፤ ቆዳው ከጣቶቹ ጫፍ አልፎ ከተንጠለጠለ አውታሩ ሲወጣ ያንን ትርፍ ቆዳ እየጎተተ ይሄዳል። ጣቶቹ ተቆልምመው ሳለ ቆዳው ከጫፋቸው እኩል እንዲሆን አድርገው ይከርክሙት። ላብ ባለበት ቀን ለስላሳውን ገጽ ጥቂት የሕፃናት ፓውደር ይቀቡት።

ደረጃ 1፦ መንጠቆውን መሥራት

መንጠቆ የምንለው ተቆልምመው አውታሩን የሚይዙትን ሦስት ጣቶች ነው። ከፍላጻው ጭራ በላይ አመልካች ጣት፣ በታች መካከለኛውና የቀለበት ጣት ይቀመጣሉ። ሦስቱንም ከፍላጻው በታች የሚያስቀምጡ ቀስተኞች አሉ፤ ፍላጻው ወደ ዓይን ስለሚቀርብ በቅርብ ርቀት ለማነጣጠር ይጠቅማቸዋል። ለአለቃቀቁ ሁለቱም ያው ናቸው፤ አንዱን ይምረጡና እርሱን አይለውጡ።

አውታሩ የሚያርፈው ከጣት ጫፍ በኩል በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው። መካከለኛው ጣት ረጅም ስለሆነ በእርሱ ላይ አውታሩ ከመታጠፊያው ጥቂት ወደ ውስጥ ቢገባ የሚጠበቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች በተቃራኒው ያስባሉ፤ አውታሩን በጣት ጫፍ ብቻ ከያዙት በቀላሉ የሚወጣ ይመስላቸዋል። በጣት ጫፍ የተያዘ አውታር ሊሾልክ ስለሚሞክር ጣቶቹ አጥብቀው ይጨብጡታል፤ የጨበጠ ጣት ደግሞ ለመልቀቅ መከፈት አለበት፤ የሚከፈት ጣትም አውታሩን ይገፋል። በጥልቀት የተቆለመመ ጣት ግን ሸክሙን በአጥንትና በጅማት ስለሚሸከም ትንሽ ጥረት ይበቃዋል፤ ትንሽ ጥረት ደግሞ ቶሎ ይተዋል።

ሸክሙን በዋናነት የሚሸከመው መካከለኛው ጣት ነው፤ አመልካች ጣት ያግዘዋል፤ የቀለበት ጣት ደግሞ ቀለል ያለውን ድርሻ ይይዛል። አመልካች ጣት በፍላጻው ጭራ ላይ እንዳይጫን በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ይተዉ። አውራ ጣት ወደ መዳፍ ተጠግቶ፣ ትንሿ ጣት በልቅ ታጥፋ ትረፍ። መንጠቆው ከመሳብ በፊት ተሠርቶ ማለቅ አለበት። እየሳቡ ጣትን መቆልመም አውታሩን ስለሚጠመዝዘው ፍላጻው ከማረፊያው ይወጣል፤ ፍላጻ በየጊዜው ከቀስቱ ላይ የሚወድቅበት ሰው ሌላ ምክንያት ከመፈለጉ በፊት ይህንን ይመልከት።

ደረጃ 2፦ እጅን ማላላት

ጣቶች በውስጣቸው የሚያጥፋቸው ጡንቻ የላቸውም፤ በዋናነት የሚያጥፏቸው ከክርን በታች በክንድ ውስጥ ያሉ ጡንቻዎች ሲሆኑ፣ ጉልበታቸው በጅማት በኩል ወደ ጣት ይደርሳል። ግራ እጅዎን በቀኝ ክንድዎ ላይ አድርገው የቀኝ ጣቶችዎን ጫፍ ቢያጥፉ እንቅስቃሴውን ከቆዳው ሥር ያገኙታል። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ሦስቱ ጣቶች ተቆልምመው ሳለ የቀረው እጅ ሁሉ ሊላላ እንደሚችል ነው። አይበሉባው ጠፍጣፋ፣ የእጅ አንጓው ቀጥ ያለ፣ ከጣት መታጠፊያ እስከ ክርን አንድ መስመር የሆነ እጅ ትክክለኛው ነው። አይበሉባው ወደ ውጭ ካበጠ እጁ ቡጢ እየሆነ ነው ማለት ነው።

ይህንን ያለ ቀስት ለመማር ከጀሪካን የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። አምስት ሊትር ውኃ ያለበት ጀሪካን አምስት ኪሎ ግራም፣ ማለትም 11 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። የጀሪካኑን መያዣ በሦስቱ ጣቶች መታጠፊያ ላይ አንጠልጥለው ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ያንሡት፤ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ያንጥፉ፣ እግርዎንም ያርቁ። ክንድዎ እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ከዚያ ጣቶችዎን “ክፈቱ” ብለው አያዝዙ፤ የያዘውን ጥረት ብቻ ይተዉት። ጀሪካኑ ራሱ ጣቶቹን ፈትቶ ይወርዳል፤ ጣቶቹም ከወረደ በኋላ በግማሽ እንደታጠፉ ይቀራሉ። ተዘርግተው ከተገኙ፣ እርስዎ ከፍተዋቸዋል ማለት ነው። ልዩነቱ በእጅ እስኪታወቅ ድረስ ይደጋግሙት፤ ሌላው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ስሜት ላይ ስለሆነ ቶሎ አይለፉት።

ደረጃ 3፦ መሳብና ማረፊያ

ቀስቱ የሚሳበው ክርንን ወደ ኋላ በመውሰድ ነው። እጅ ራሱ ምንም አይስብም፤ ክርንና ጀርባ የሚጎትቱት መንጠቆ ነው። በመጨረሻው ቦታ ላይ ክርኑ ከፍላጻው መስመር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የቀኝ ትከሻ ጠፍጣፋ አጥንትም ወደ አከርካሪ ሲጠጋ ይሰማል። ክርኑ ከፍላጻው መስመር ወደ ውጭ ወጥቶ ከቆመ፣ ሲለቁ እጁ ከፊት ወደ ጎን ከመሸሽ ሌላ መንገድ የለውም፤ አለቃቀቅ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያትም ይህ ነው።

ማረፊያው በፊት ላይ ሁልጊዜ አንድ የሆነ ነጥብ ነው። የአመልካች ጣት ጫፍ በአፍ ጥግ ላይ፣ የአውራ ጣት አንጓ ከመንጋጋ ጠርዝ በስተኋላ ቢያርፍ ሁለት መለያ ምልክቶች ይኖራሉ፤ አንድ ምልክት ብቻ ከሆነ እጁ ዙሪያውን ሊንሸራተት ይችላል። እጅ ጉንጭን በደንብ ይንካ፤ በአየር ላይ የቆመ እጅ ሲለቅ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ጭንቅላትን ወደ አውታሩ ማምጣት አያስፈልግም፤ አውታሩ ወደ ፊት ይመጣል።

እዚያ ከደረሱ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ይቆዩ። በዚህ ጊዜ ከውጭ ሲታይ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ በውስጥ ግን ጀርባ ቀስ እያለ መሳቡን ይቀጥላል። ይህ መቀጠል ከቆመ እጁ ወደ ፊት መንሸራተት ይጀምራል፤ የተንሸራተተ እጅ የሚለቀው ፍላጻ ጉልበት አጥቶ ዝቅ ብሎ ይወድቃል።

ደረጃ 4፦ መልቀቅ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ከተሟላ ስለዚህ ደረጃ የሚባለው ጥቂት ነው። ጀርባ መሳቡን ሳያቋርጥ በክንድ ውስጥ ያለው፣ ጣቶቹን የቆለመመው ጥረት ይተዋል። አውታሩ ጣቶቹን ገፍቶ ይወጣል። ሦስቱ ጣቶች በአንድ ጊዜ መልቀቃቸውን እርስዎ ሊቆጣጠሩት አይችሉም፤ ጥረቱ ከአንድ ቦታ ስለሚመጣ አንድ ላይ ሲተው አንድ ላይ ይለቃሉ።

ከተለቀቀ በኋላ ቀኝ እጅ መንጋጋን እየታከከ ወደ ኋላ ይሄድና ከጆሮ በታች ወይም አንገት ላይ ያርፋል። ይህን መሄድ እርስዎ አይሠሩትም፤ ጀርባ ሲስብ የነበረ ከሆነ እጁ የያዘው ነገር ስለተለየው ራሱ ይሄዳል። አንዳንድ ሰዎች ይህንን አይተው እጃቸውን ሆን ብለው ወደ ኋላ ይወረውራሉ፤ ሲወረውሩም ከፍላጻው ቀድመው አውታሩን ያናውጡታል። በሌላ በኩል እጃቸውን ከማረፊያው ሳያነቃንቁ በደንብ የሚለቁ ጥሩ ቀስተኞች አሉ፤ ስልቱ ስሕተት አይደለም። ለጀማሪ ግን አልመክረውም፤ ጀርባው መሳብ ማቆሙን ስለሚሸፍንለት ጥፋቱን አያይም። ግራ ክንድ ደግሞ ፍላጻው ዒላማውን እስኪመታ ድረስ ከቦታው አይወርድም፤ የት እንደመታ ለማየት መቸኮል የሚያወርደው እርሱን ነው።

ያለ ዒላማ ነጥብ መለማመድ

በጆንያው ላይ ምንም ምልክት ሳያደርጉ፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር ቆመው፣ ፍላጻው ወደ ጆንያው መሐል ማነጣጠሩን ካረጋገጡና ማንም በአካባቢው እንደሌለ ካዩ በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው ይልቀቁ። ዓይን የሚፈርደው ነገር ስለማይኖረው ትኩረቱ ወደ ጣት፣ ወደ ክርንና ወደ ጀርባ ይሄዳል። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከዚህ በቀር ምንም ባያደርጉ አይጎዱም። አሰልቺ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ምልክት ያለበት ዒላማ ፊት የቆመ ጀማሪ ስለ መምታት እንጂ ስለ መልቀቅ ማሰብ አይችልም።

የሚያይ ሰው ካለ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። በድሬዳዋ አንድ ሰው ቀስት ይዞ ከቆመ ልጆች መሰብሰባቸው፣ ስቦ ሲቆይም አንዱ “አቦ ልቀቀው እንጂ!” ማለቱ አይቀርም። በሰው ጥሪ መልቀቅ የለመደ ጣት ዓይን ዒላማውን እንዳየ ሳይታዘዝ መልቀቅ ይጀምራል፤ ከማረፊያው ሳይደርስም ይለቃል። ይህ ችግር በረጅም ጊዜ ቀስተኞችም ላይ የሚደርስ የታወቀ ችግር ነው። ለዚህ የሚረዳው ስቦ መመለስ ነው፤ ፍላጻ አስገብተው ሦስት ጊዜ ይሳቡ፤ ሁለቱን ጊዜ ማረፊያው ላይ ከቆዩ በኋላ ሳይለቁ ቀስ ብለው ይመልሱ፣ አንዱን ብቻ ይልቀቁ፤ የትኛውን እንደሚለቁም ተራውን ይቀያይሩ። ጣት ማረፊያው ላይ መድረስ የመልቀቅ ትእዛዝ እንዳልሆነ በዚህ ይማራል።

ቀስት ለማይዙበት ቀን ደግሞ ሲባጎ ይበቃል። ከተዘረጋው ግራ እጅዎ እስከ አፍዎ ጥግ የሚደርስ ቀለበት ከሲባጎ ያሥሩ፤ አንዱን ጫፍ በግራ መዳፍ ላይ፣ ሌላውን በሦስቱ ጣቶች ላይ አድርገው ልክ እንደ ቀስት ይግጠሙት፤ ከዚያ በጀርባ እየሳቡ ጥረቱን ይተዉ። አሳሳቡ ትክክል ከሆነ ግራ እጅ ወደ ፊት፣ ቀኝ ክርን ወደ ኋላ ይፈናጠራሉ። ቀኝ እጅ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ወደ ጎን ከሄደ ጀርባው አልሠራም። ሲባጎው ስለማይለጠጥ የሚያቆስል ነገር የለውም፤ በቢሮም በቤትም ሊደረግ ይችላል።

የተንቀሳቃሽ ስልክ ካሜራም ጥሩ መምህር ነው። ብዙ ስልኮች በዝግታ የሚታይ ምስል በሰከንድ 240 ጊዜ ያነሣሉ፤ በዚህ ፍጥነት አውታሩ ከጣት ወጥቶ ፍላጻው እስኪለይ አምስት ያህል ምስሎች ይገኛሉ። ስልኩን ከቀስተኛው በስተኋላ፣ በፍላጻው መስመር ላይ ያስቁሙት፤ ከፊት ለፊት ፈጽሞ አይሁን። በምስሉ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ክርኑ ነው፤ ከመለቀቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ፊት ከሄደ ቀሪውን ማየት አያስፈልግም፤ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ።

ጥፋትን ከፍላጻው ማንበብ

አንድ ፍላጻ ምንም አይናገርም፤ ስድስት ያህል ወርውረው የሚደጋገመውን ይመልከቱ።

በቀኝ እጁ የሚስብ ሰው ፍላጻዎቹ ወደ ግራ እየሄዱ በጉዞ ላይም ጭራቸው ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ እጁ ሲለቅ ከፊቱ እየሸሸ አውታሩን ወደ ቀኝ እየጎተተው ነው ማለት ነው። በጣት የሚለቀቅ አውታር ጣቶቹን ዞሮ ስለሚወጣ ሁልጊዜም ጥቂት ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፍላጻውም በቀስቱ እጀታ ዙሪያ ተለምጦ ያልፋል፤ ይህ ተፈጥሯዊ ነው። የሚያበላሸው እጅ ሲጨምርበት ነው። ሆኖም ለቀስቱ ጉልበት ከሚገባው በላይ የጠነከረ ፍላጻም ወደ ግራ ስለሚሄድ፣ ምስሉ እጁ ከፊት አለመራቁን ካሳየ ፍላጻውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ፍላጻዎቹ ከሌላው ጊዜ ዝቅ ብለው ካረፉ እጁ ከመልቀቁ በፊት ወደ ፊት ሄዷል። ጭራቸው ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጭራው በአውታሩ ላይ የሚገባበትን ቦታ ይለኩ፤ ከፍላጻው ማረፊያ ጋር ቀጥ ካለው መስመር ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ልኩ ትክክል ሆኖ መዝለሉ ካልቀረ አንዱ ጣት ከሌሎቹ ዘግይቷል፤ ብዙውን ጊዜ የሚዘገየው ከመጠን በላይ የተጫነው የቀለበት ጣት ነው።

አውታሩ የግራ ክንድን ከገረፈ ብዙ ሰው አለቃቀቁን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ የግራ ክርን ወደ ውስጥ መዞሩ ነው፤ ክርኑን ወደ ውጭ ማዞርና የክንድ መከላከያ ማሠር ይበቃል።

በጣት ላይ የሚታየውም ምልክት ነው። መስመሩ በሦስቱም ጣቶች መታጠፊያ ላይ እኩል ከታየ መንጠቆው ትክክል ነው። በጣት ጫፍ ላይ ውኃ ከቋጠረ አውታሩ ወደ ጫፍ እየተንሸራተተ ነው። የአመልካች ጣት ጎን ከቆሰለ ጣቱ በፍላጻው ጭራ ላይ ተጭኗል። ጣት ከደነዘዘና ድንዛዜው በማግሥቱ ካልለቀቀ ልምምዱን ማቆም ያስፈልጋል፤ በቆዳ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይድናል፣ በነርቭ ላይ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ይፈልጋል።

ርቀትና ጉልበት መጨመር

ከ4 ሜትር በተከታታይ የተወረወሩ ስድስት ፍላጻዎች፣ ዓይን ተጨፍኖ ሳለ፣ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ሲያርፉና ቀኝ እጅም በየጊዜው አንገት ላይ አንድ ቦታ ሲገኝ፣ ትንሽ ምልክት በጆንያው ላይ ለጥፈው ዓይንዎን ከፍተው ይቀጥሉ። ከዚያ ወደ 8፣ ቀጥሎም ወደ 15 ሜትር ይራቁ፤ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ግን ግቢው አይበቃምና ከጀርባው ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ያለው፣ መንገድም ሆነ የከብት መሄጃ የማያልፍበት ቦታ ያስፈልጋል። ርቀቱ ሲጨምር አለቃቀቁ ከተበላሸ በዚያ ቀን ሌላ ማረሚያ አይፈልጉ፤ ወደ 4 ሜትር ተመልሰው ዓይንዎን ይጨፍኑ።

የቀስቱን ጉልበት መጨመር የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው፤ በአንድ ጊዜም ከ5 ፓውንድ በላይ አይጨምሩ። ከበድ ያለው ቀስት በመጣ ጊዜ ቀላሉን አይሽጡት። በየሳምንቱ የመጀመሪያዎቹን ፍላጻዎች በእርሱ መወርወር፣ አዲሱ ክብደት በጣት ላይ ያመጣውን ጭበጣ ቶሎ ያጋልጣል። ጉልበት በተጨመረ ቁጥር ደግሞ የጣት ቆዳው ላይ በአውታሩ የተቆረጠውን ጎድጓዳ መስመር ይመልከቱ፤ መስመሩ ከጠለቀ አውታሩ በየጊዜው እዚያው ይያዝና ሲወጣ ይደናቀፋል፣ ስለዚህ በአዲስ ይተኩት፤ አዲሱንም ወደ ሩቅ ዒላማ ከመሄድዎ በፊት ለጥቂት ቀናት በቅርብ ርቀት ያለማምዱት።